የኮምፒዩተር ማስነሻ መልእክቶች፤ የቃላቱ ታሪክና የአማርኛ ስያሜያቸው

1. መነሻ

አንድ ባለሙያ የኮምፒዩተሩን ሥርዓተ ክወና አስኳል እንደ ፍላጎቱ አሻሽሎ እንደገና ካጠናቀረ በኋላ፣ መሣሪያውን አጥፍቶ ሲያበራ ሥራው መቃናቱን ወይም መበላሸቱን የሚያውቀው በማሳያው ላይ ከሚነበቡ ጥቂት መስመሮች ነው። መስመሮቹ አጫጭር ናቸው፤ አንዳንዶቹ ከአንድ ፊደል አይበልጡም። ይሁን እንጂ ሰውየው ቀጥሎ የሚያደርገው ሁሉ እነዚህን መስመሮች በትክክል በማንበቡ ላይ የተመሠረተ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለቃላት ምርመራ የቀረበልን አንድ የማሠልጠኛ መጽሐፍ ረቂቅ፣ ሊኑክስ የተባለው ሥርዓተ ክወና በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚያሳየውን የታወቀ መልእክት «አስኳሉ ደንግጧል፤ አልተመሳሰለም፤ ሥሩን መጫን አልተቻለም» ሲል ተርጉሞት ነበር። ቃል በቃል ሲመረመር ስሕተት የለበትም ማለት ይቻላል። ነገር ግን በዚሁ ረቂቅ የሠለጠኑ ሰዎች «አልተመሳሰለም» የሚለውን ቃል የችግሩ መንሥኤ አድርገው ወሰዱት። ዲስኩ ከማኅደረ ትውስታው ጋር አልተመሳሰለም ብለው ደመደሙና በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ አጥፍተው ሥርዓቱን እንደ አዲስ ተከሉት። በዲስኩ ላይ የነበረው የአንድ መሥሪያ ቤት የሁለት ዓመት መዝገብ አብሮ ጠፋ። ዲስኩ ጤነኛ ነበር። የጎደለው በአዲሱ አስኳል ውስጥ አንድ የመሣሪያ ነጂ፣ በተለምዶ ድራይቨር የሚባለው፣ ብቻ ነበር።

በዚህ ጽሑፍ የማስነሻ መልእክቶች የተገነቡባቸውን ዋና ዋና ቃላት ታሪክ እንመለከታለን። የምናቀርበውም ሐሳብ አንድ ነው። ይኸውም፦ ማስነሣት በቅብብል የሚከናወን ሥራ ስለሆነ እያንዳንዱ መልእክት ከቅብብሉ አባላት የአንደኛው ንግግር ነው፤ ተርጓሚው ከቃሉ ፍቺ አስቀድሞ የተናጋሪውን ማንነት ማወቅ አለበት፤ ይህንንም የሚያሳውቀው የቃሉ ታሪክ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

2. ማስነሣት

በካምብሪጅ ዩኒቨርስቲ በሞሪስ ዊልክስ መሪነት የተሠራው ኤድሳክ በሜይ 1949 ሥራ ሲጀምር፣ ማኅደረ ትውስታው ባዶ የሆነ መሣሪያ የመጀመሪያውን ፕሮግራም እንዴት አድርጎ ያነባል የሚለው ጥያቄ መልስ አግኝቶ ነበር። ዴቪድ ዊለር 31 ትእዛዞችን አዘጋጀ። ትእዛዞቹ በስልክ ማዞሪያ ጣቢያዎች በሚሠራባቸው ተሽከርካሪ መቀየሪያዎች ላይ በሽቦ የተሰናዱ ስለነበሩ፣ ቁልፉ ሲጫን ወደ ማኅደረ ትውስታ ይገለበጣሉ፤ ከዚያም የተጠቃሚውን ፕሮግራም ከተበሳ ወረቀት ላይ ያነባሉ። ስማቸውም «የመጀመሪያ ትእዛዞች» ነበር። ስያሜው ግልጽና ዘይቤ የሌለበት ነበር።

ዘይቤው የመጣው ከአሜሪካ ነው። አይቢኤም 701 ስለተባለው ኮምፒዩተር አሠራር በ1953 በወጣ ጽሑፍ ውስጥ «ቡትስትራፕ» የሚለው ቃል ለዚህ ተግባር ተሰጥቶ እናገኘዋለን። ቡትስትራፕ ማለት ቦት ጫማን ስቦ ለማጥለቅ እንዲመች ከጫማው አንገት ላይ የሚሰፋ ማንጠልጠያ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት በእንግሊዝኛ «በጫማው ማንጠልጠያ ራሱን አነሣ» የሚለው አነጋገር የማይሆን ነገር ለሚመኝ ሰው መሳለቂያ ነበር። መሐንዲሶቹ ቀልዱን ወደ ሙያ ቃልነት ለወጡት፤ ከመጀመሪያው ካርድ የሚነበቡት ጥቂት ትእዛዞች ተከታዮቻቸውን ስለሚስቡ ፕሮግራሙ ራሱን በራሱ የሚያነሣ መሰላቸው። ቃሉ በኋላ አጥሮ «ቡት» ሆነ፤ በእኛም አገር ባለሙያዎች «ቡት ማድረግ» ይላሉ።

በአማርኛ ሞተር ሲሠራ «ተነሣ»፣ ሰው ሲያሠራው «አስነሣ» ስለምንል «ማስነሣት» የሚለው ስያሜ ያለ ብዙ ክርክር ተቀባይነት ሊያገኝ ይችላል። ስያሜው ግን ከተለማጅነቱ በላይ ሌላ ብልጫ አለው። እንግሊዝኛው የተመሠረተው አንሺውና ተነሺው አንድ ናቸው በሚል ቀልድ ላይ ነው። አማርኛው ግን በ«አስ-» አድራጊነትን ስለሚያመለክት አስነሺና ተነሺ እንዲለዩ ያስገድዳል። እውነቱም ከአማርኛው ጋር ነው፤ ራሱን በራሱ ያነሣ ኮምፒዩተር የለምና። ኤድሳክን ያስነሡት በሽቦ የተሰናዱት ትእዛዞች ነበሩ። በ1981 በወጣው አይቢኤም ፒሲ ደግሞ በማይጠፋ ማኅደር የተቀመጠው ባዮስ የተባለ ፕሮግራም ከዲስኩ መጀመሪያ 512 ባይት ያነባል፤ እርሱ አስነሺውን ይጠራል፤ አስነሺው አስኳሉን ይጭናል፤ አስኳሉም ዲስኩን ገጥሞ የመጀመሪያውን የተጠቃሚ ፕሮግራም ያስጀምራል። በኋላ ዘመን ባዮስ በሌላ ቢተካም ቅብብሉ አልቀረም። ስለዚህ መልእክት ሲነበብ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን አለ?» ሳይሆን «ማን አለ?» መሆን አለበት።

3. አስኳል፣ ቅርፊትና ማጠናቀር

የሥርዓተ ክወናን የውስጥ ክፍል ለመሰየም እንግሊዝኛ ሁለት ቃላት ሞክሯል። ፔር ብሪንክ ሃንሰን ለዴንማርኩ አርሲ 4000 ኮምፒዩተር ስላዘጋጀው ሥርዓት በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ የተጠቀመበት ቃል «ኒውክለስ» ነው። ጸንቶ የቀረው ግን «ከርነል» ሆነ፤ ይኸውም በለውዝና በመሰል ፍሬዎች ቅርፊት ውስጥ ያለው የሚበላ ክፍል ነው። ከእርሱ ጋር የሚጣመረው «ሼል» ማለትም ቅርፊት፣ ሉዊ ፑዛን በ1960ዎቹ አጋማሽ ለመልቲክስ ሥርዓት ዝግጅት ያወጣው ስያሜ ነው። ቅርፊቱ ከሰው ትእዛዝ ይቀበላል፤ በውስጡ ያለው መሣሪያውን ያስተዳድራል።

በአማርኛ «ፍሬ»፣ «እምብርት» እና «አስኳል» ሊታሰቡ ይችላሉ። «ፍሬ» ቅርፊቱንም ስለሚያካትት ልዩነቱን ያጠፋል። «እምብርት» መካከልነትን እንጂ በሌላ ነገር መሸፈንን አይናገርም። «አስኳል» ግን በሳይንስ ትምህርት ለኒውክለስ አቻ ሆኖ የለመድነው ከመሆኑም በላይ፣ እንቁላልን ስለሚያስታውስ ቅርፊትን ይዞ ይመጣል። እንግሊዝኛው ከለውዝ የወሰደውን ጥንድ አማርኛ ከእንቁላል ያገኘዋል። ዘይቤው ተለውጦ ዝምድናው ሳይለወጥ ቀረ ማለት ነው፤ የስያሜ ሥራ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

«ማጠናቀር» ከዚህም የተሻለ ዕድል ያጋጠመው ቃል ነው። ግሬስ ሆፐር ለዩኒቫክ ኮምፒዩተር በ1951 እና በ1952 ያዘጋጀችውን ኤ-0 የተባለ ፕሮግራም «ኮምፓይለር» ያለችው፣ በቤተ ፕሮግራም ውስጥ ያሉ ንዑሳን ፕሮግራሞችን ለቅሞ በአንድነት ስለሚያሰናዳ ነበር። ቃሉ በኋላ በሰው በሚነበብ ቋንቋ የተጻፈን ፕሮግራም ወደ መሣሪያው ቋንቋ መመለስን ወደ ማመልከት ዞረ። አማርኛ ሪፖርትንና መረጃን እንደምናጠናቅር ሁሉ ፕሮግራምንም «ማጠናቀር» ሲል ወደ ሆፐር የመጀመሪያ ሐሳብ ይቀርባል።

አስኳልን ዳግም በማጠናቀር ጊዜም ይህ ትርጉም ሕያው ነው። በሊኑክስ ባለሙያው ለየክፍሉ ከሦስት መልሶች አንዱን ይመርጣል፦ ክፍሉ በአስኳሉ ውስጥ ይካተት፣ በሞጁል መልክ ለብቻው በዲስክ ይቀመጥ፣ ወይም ይቅር። የእነዚህ ምርጫዎች መዝገብ የአስኳሉ ውቅር ይባላል። ከባዱ አደጋ የተሸሸገው በሁለተኛው መልስ ውስጥ ነው። ዲስኩን የሚያነበው ነጂ በሞጁልነት በዚያው ዲስክ ላይ ከተቀመጠ፣ አስኳሉ ዲስኩን ለማንበብ ነጂውን፣ ነጂውን ለማግኘት ደግሞ ዲስኩን ይሻል። የሣጥኑ ቁልፍ በሣጥኑ ውስጥ ተቆልፎበታል። የ19ኛው ምዕተ ዓመት ቀልድ በዚህ ስፍራ ቀልድነቱን ትቶ እውነተኛ እክል ይሆናል። መፍትሔውም ሌላ አንሺ መጨመር ሆነ፦ በ1996 ቨርነር አልመስበርገርና ሃንስ ሌርመን ያቀረቡት ስልት፣ አስነሺው ከአስኳሉ ጋር ትንሽ ጊዜያዊ ዲስክ በማኅደረ ትውስታ ውስጥ እንዲያኖር አደረገ። አስፈላጊዎቹ ሞጁሎች ከዚያ ይነበባሉ።

4. አራት ፊደላት

የማስነሻ መልእክት ተናጋሪውን እንዴት እንደሚገልጽ ከሊሎ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አናውቅም። ሊሎ «የሊኑክስ ጫኚ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ስያሜ የተውጣጣ ስም ያለው አስነሺ ሲሆን፣ አልመስበርገር በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዘጋጅቶት ዝግጅቱ እስከ 2015 ቀጥሏል። የመጀመሪያው ክፍሉ በ512 ባይት ውስጥ መወሰን ስላለበት ዐረፍተ ነገር የሚቀመጥበት ስፍራ አልነበረም። ስለዚህ ፕሮግራሙ እያንዳንዱን እርምጃ ሲፈጽም ከስሙ አንድ ፊደል ብቻ ይጽፋል።

ማሳያው ባዶ ከሆነ የሊሎ ምንም ክፍል አልተጫነም። «ኤል» ብቻ ከታየ የመጀመሪያው ክፍል ሥራ ጀምሯል፤ ሁለተኛውን ክፍል ግን መጫን አልቻለም። ከፊደሉ ጎን የሚደጋገሙት ቁጥሮች ባዮስ ስለ ዲስኩ የሰጠው የስሕተት ቁጥር ናቸው። «ኤል፣ አይ» ሲሆን ሁለተኛው ክፍል ተጭኗል፤ ነገር ግን ሥራ አልጀመረም። ሦስተኛው ፊደል፣ ሌላ «ኤል»፣ ሲጨመር ሁለተኛው ክፍል ሥራ ጀምሯል፤ የአስኳሎቹን ዝርዝር ግን ማንበብ አልቻለም። አራቱም ፊደላት ከተሟሉ ሁሉም ክፍሎች በትክክል ተጭነዋል። ስሙን መጨረስ ያልቻለ ተናጋሪ የት ላይ እንደ ወደቀ በስሙ ቁራጭ ይናገራል ማለት ነው። ይህን «ስሕተት ተፈጥሯል» ብሎ የሚተረጉም ሰው መልእክቱን በሙሉ አጥፍቶታል።

ዳግም በማጠናቀር ጊዜ ሊሎ የሚያደናቅፍበት ምክንያት በታሪክም የሚብራራ ነው። ሊሎ የፋይል ሥርዓትን አያውቅም፤ አስኳሉን የሚያገኘው በስሙ ሳይሆን በዲስኩ ላይ በያዛቸው ቦታዎች አድራሻ ነው። አዲስ የተጠናቀረው አስኳል በአሮጌው ስም ቢቀመጥም የሚያርፈው በሌላ ስፍራ ነው። ባለሙያው የሊሎን ትእዛዝ እንደገና ሰጥቶ አድራሻውን ካላሳደሰ፣ አስነሺው ወደ ቀድሞው ስፍራ ይሄዳል፤ እዚያም ወይ ያልተደመሰሰውን አሮጌ አስኳል፣ ወይ ትርጉም የሌለው ነገር ያገኛል። ኤሪክ ቦሊን በ1995 የጀመረው ግረብ የተባለው አስነሺ ግን የፋይል ሥርዓትን ራሱ ስለሚያነብ አስኳሉን በስሙ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ግረብ ሲቸገር የሚጽፈውም የተቆጠረ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ለምሳሌ 15ኛው ስሕተት ፋይሉ አለመገኘቱን፣ 17ኛው የተመረጠውን የዲስክ ክፋይ «ማውንት» ማድረግ አለመቻሉን ይገልጻል። የአስነሺው አሠራር ሲለወጥ የመልእክቱም ሰዋስው አብሮ ተለወጠ።

5. መግጠምና ሥረ መሠረት

አሁን የጠቀስነው «ማውንት» በቀድሞ ዘመን የእጅ ሥራ ስም ነበር። የኮምፒዩተር ክፍል ሠራተኛ የቴፕ ጥቅልን ወይም የዲስክ ጥቅልን ከመደርደሪያ አንሥቶ በማንበቢያው መሣሪያ ላይ ይሰካው ነበር። በ1969 በቤል ላቦራቶሪ በኬን ቶምሰንና በዴኒስ ሪቺ የተጀመረው ዩኒክስ ቃሉን ወርሶ ረቂቅ ትርጉም ሰጠው፦ በአንድ ዲስክ ላይ ያለውን የፋይል ሥርዓት ከአጠቃላዩ የፋይሎች ዛፍ ጋር ማገናኘት።

ይህን በአማርኛ «መጫን» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ፕሮግራምን ወደ ማኅደረ ትውስታ ማስገባትም «መጫን»፣ አዲስ ሥርዓትን በዲስክ ላይ ማቋቋምም «መጫን» እየተባለ ነው። ሦስት ልዩ ልዩ ተግባሮች በአንድ ቃል ሲጠሩ ቅብብሉ ይጠፋል፤ አስነሺው አስኳሉን መጫን እንዳልቻለና አስኳሉ ዲስኩን መጫን እንዳልቻለ አንባቢው አይለይም። እኛ ለመጀመሪያው «መጫን» እንዲጸና፣ ለሁለተኛው «መትከል»፣ ለማውንት ደግሞ «መግጠም» እንዲባል እንመርጣለን። ጎማ እንደሚገጠም ሁሉ የዲስክ ጥቅሉም ይገጠም ነበርና ቃሉ የሠራተኛውን እጅ አይረሳም፤ ለተቃራኒውም «መንቀል» ዝግጁ ነው።

«ሩት» የሚለው ቃል «ሥር» ተብሎ መተርጎሙ በመጀመሪያ ሲታይ ችግር የለበትም። ሁሉም ማውጫዎች የሚበቅሉበት የዛፉ መነሻ ነውና። ነገር ግን በአማርኛ «ሥር» መስተዋድድም ጭምር ነው፤ «በማውጫው ሥር ያለ ፋይል» ስንል የበታችነትን እንገልጻለን። በዚህም የሁሉ የበላይ የሆነው ማውጫ በበታችነት ቃል ተሰይሞ አንባቢን ያደናግራል። «ሥረ መሠረት» የሚለው የቆየ ጥምረት ዛፉን ሳይተው ይህን ጥርጥር ያስወግዳል።

6. ጭንቅና አለማስፈር

ወደ መነሻችን መልእክት እንመለስ። በፊደላችን ስንጽፈው «ከርነል ፓኒክ – ኖት ሲንኪንግ፦ ቪኤፍኤስ፦ አንኤብል ቱ ማውንት ሩት ኤፍኤስ ኦን አንኖውን-ብሎክ (0,0)» የሚል ነው።

«ፓኒክ» የዩኒክስ ቃል ነው። የመልቲክስ ባለሙያ የነበረው ቶም ቫን ቭሌክ እንደሚያስታውሰው፣ ከሚጽፈው ፕሮግራም ግማሽ ያህሉ ከስሕተት ማገገሚያ መሆኑን ለሪቺ ሲነግረው፣ ሪቺ ዩኒክስ ያንን ሁሉ እንደ ተወው መለሰለት፤ ስሕተት ሲገጥም ፓኒክ የተባለው ክፍል ይጠራል፣ መሣሪያው ይቆማል፣ በመተላለፊያው ላይ እንዲያስነሡት ይጮኻል። ስለዚህ ቃሉ ስሜትን የሚገልጽ ቢመስልም ሥራው መረበሽ አይደለም፤ ከዚህ በላይ መቀጠል እንደማይገባ ወስኖ መቆም ነው። «ደነገጠ» ግራ መጋባትን ስለሚያሳይ «በጭንቅ ቆመ» ይሻላል።

«ኖት ሲንኪንግ» ከሁሉ የበለጠ ያሳሳተው ሐረግ ነው። በዩኒክስ «ሲንክ» ማለት በማኅደረ ትውስታ ተይዞ የሚጠብቀውን ጽሑፍ ወደ ዲስክ ማስተላለፍ ነው። በ1975 በወጣው ስድስተኛው የዩኒክስ ዕትም ፓኒክ ከመቆሙ በፊት ይህንኑ ይፈጽም ነበር። የኒው ሳውዝ ዌልሱ መምህር ጆን ላየንስ፣ ንባቡን በአንድ ጥራዝ ትርጓሜውን በሌላ ጥራዝ አድርገው ለተማሪዎቻቸው ባዘጋጁት ሥራ ውስጥ ይህ ክፍል ይገኛል። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 ባወጣቸው የመጀመሪያ የሊኑክስ ዕትሞችም ፓኒክ በዲስክ ላይ ያሰፍር ነበር፤ ነገር ግን እክሉ የደረሰው ዜሮኛ በተባለው ሥራ ውስጥ ከሆነ ማስፈር ስለማይቻል «ኖት ሲንኪንግ» የሚል ልዩ ማሳሰቢያ ይጽፋል። ከ2003 መጨረሻ ጀምሮ በወጡት የ2.6 ዕትሞች ዘመን ማስፈሩ ጨርሶ ቀረ። በውስጡ እክል የደረሰበት አስኳል የያዘው ጽሑፍ ስለማይታመን፣ በዲስክ ላይ ቢያሰፍረው ደኅናውንም ሊያበላሽ ይችላል። በዚህ ጊዜ ለልዩ ሁኔታ የተነገረው ማሳሰቢያ ከእያንዳንዱ የፓኒክ መልእክት ራስ ላይ የሚቀመጥ ቋሚ ቀመር ሆነ።

እንግዲህ ሐረጉ የችግሩን መንሥኤ አይናገርም፤ አስኳሉ በዲስኩ ላይ ምንም እንደማይጽፍ ያስታውቃል። ያ ረቂቅ «አልተመሳሰለም» ያለው «በዲስክህ ላይ አልጻፍሁም» የሚለውን ነበር። ሰዎቹ መዝገቡን ያጠፉት መዝገቡ እንዳልተነካ በሚነግራቸው ሐረግ ምክንያት ነው።

መንሥኤው በመጨረሻው ክፍል ይገኛል። በቅንፍ ያሉት ቁጥሮች የመሣሪያው ዓይነትና ተራ ቁጥሮች ናቸው። (0,0) ሲሆኑ ብዙውን ጊዜ አስኳሉ ዲስኩን ጨርሶ አላወቀውም፤ ነጂው አልተካተተም፣ ጊዜያዊው ዲስክ አልተጫነም፣ ወይም በማስነሻው ውቅር የተጻፈው የሥረ መሠረት ስም ልክ አይደለም። በሌላ ቁጥር ሲተኩ ግን መሣሪያው ታውቆ የፋይል ሥርዓቱ ሳይታወቅ የቀረበትን ሁኔታ መመርመር ይገባል። በሁለቱም ሁኔታ ቀድሞ የሚሠራውን አስኳል በማስነሻው ውቅር ውስጥ ሳይሰርዝ የቆየ ባለሙያ በእርሱ አስነሥቶ ጉድለቱን ያርማል።

7. ማን ነው ያልቻለው?

«አንኤብል ቱ ማውንት» የሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ባለቤት የለውም። አማርኛ ግሡን ያለ ባለቤት አይለቅም፤ «አልቻልሁም»፣ «አልቻለም» ወይም «አልተቻለም» ብሎ መምረጥ ግዴታ ነው። ተርጓሚዎቻችን ገለልተኛ መስሎ ስለሚታያቸው ዘወትር «አልተቻለም»ን ይመርጣሉ። ሆኖም ግረብ ክፋዩን መግጠም ካልቻለ አስኳሉ ገና አልተጫነም፤ ሊኑክስ ሥረ መሠረቱን መግጠም ካልቻለ ግን አስነሺው ሥራውን ጨርሶ ሄዷል። ሁለቱም «መግጠም አልተቻለም» ከተባሉ ባለሙያው አንዱን ለመጠገን ሌላውን ሲፈታ ይውላል። እንግሊዝኛው የሸሸገውን ባለቤት አማርኛ ሊገልጠው እየቻለ በተገብሮ ግሥ እንደገና መሸፈን የቋንቋውን ሀብት መጣል ነው።

ስለሆነም መልእክቱን እንደሚከተለው ብናስቀምጠው እንመርጣለን፦ «አስኳሉ በጭንቅ ቆሟል፤ በዲስክ አያሰፍርም። ምክንያት፦ አስኳሉ የሥረ መሠረቱን የፋይል ሥርዓት በመሣሪያ (0,0) ላይ መግጠም አልቻለም።»

ይህ ዐረፍተ ነገር በማሳያው ላይ አይወጣም። የሊኑክስ አስኳል መልእክቶች የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ የጽሑፍ ማሳያው በዚያ ደረጃ በአንድ ጊዜ ከ512 የማይበልጡ ቅርጾችን ብቻ ይይዛል። ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ቢመዘገብም፣ በሚነሣ ኮምፒዩተር የመጀመሪያ መስመሮች ላይ ስፍራ አላገኘም። የተርጓሚው ሥራ የሚውለው በመጽሐፍ፣ በማሠልጠኛ ጽሑፍና በጥገና መምሪያ ነው። በእነዚህ ውስጥ የመጀመሪያው መልእክት ከነቁጥሩ ሳይነካ እንዲቀመጥና አማርኛው ከሥሩ እንዲከተል እናሳስባለን። ባለሙያው በማሳያው ያየውን ከመጽሐፉ ጋር የሚያስተያየው በመጀመሪያው ንባብ ነው፤ እጁን ወደ ዲስኩ ከመስደዱ በፊት ቆም ብሎ የሚያስበው ግን በአማርኛው ነው።